«እናቱን አያውቅም» የሚሉት ፍርድ

ኦቲዝም ያለበት ልጅ በሚኖርበት ቤት ደጃፍ የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ምስኪን፣ እናቱን እንኳ አያውቅም» የምትል። ጎረቤት ይላታል፣ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ይላታል፣ ነጭ ጋወን የለበሰው ባለሙያም «በራሱ ዓለም ውስጥ ነው የሚኖረው» ብሎ አሳምሮ ይላታል። በአዛኝ ድምፅ ስለምትነገር የሚሟገታት የለም። እኔ ግን በእነዚህ ልጆች ላይ ከሚወርደው ስድብና አሉባልታ ሁሉ አብልጬ የምጠላት ይህችኑ ነው። ለስድቡ እናት አፍ አላት፤ ትመልሳለች። «ልክፍት ነው» ለሚላትም ጠበሉ፣ ዱዓው፣ ሐኪሙ አለላት። «ልጅሽ አያውቅሽም» ሲሏት ግን ዝም ትላለች፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣት እሷም ያሰበችው ነገር ነውና።

ፍርዱ ሐሰት ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይተሳሰራሉ። እናታቸውን ከሌላ ሰው ለይተው ያውቃሉ፣ ሲጨንቃቸው ወደ እሷ ይጠጋሉ፣ ስትርቃቸው ይታወካሉ። ይህን የምለው እናቶችን ለማጽናናት አይደለም፤ ላለፉት አርባ ዓመታት በተደጋጋሚ ሲለካ የኖረ ነገር ስለሆነ ነው። የሚለየው መተሳሰራቸውን የሚያሳዩበት መንገድ ነው። የለመድነውን ምልክት ስናጣ ፍቅሩ ራሱ የለም ብለን የደመደምነው እኛ ነን።

ድምዳሜው የባላገር ወሬ ይመስለን ይሆናል። ዋናው ምንጩ ግን የተማረው ሰው ነው። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የዚህ ታሪክ አብዛኛው የእነሱ ነውና።) በ1943 ባልቲሞር ውስጥ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠራ የነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር የ11 ልጆችን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ካነር የሚያይ ዓይን ነበረው፤ ዛሬም ድረስ ጽሑፉን ያነበበ ሰው ልጆቹን ፊቱ እንደቆሙ ያያቸዋል። በማጠቃለያው፣ እነዚህ ልጆች ከሰው ጋር የስሜት ግንኙነት የመፍጠር ችሎታ ከውልደታቸው ጀምሮ ይጎድላቸዋል አለ። እግረ መንገዱንም ስለ ወላጆቻቸው አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ከመካከላቸው ሞቅ ያለ ልብ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው አለ። ያቺ ጣል የተደረገች አስተያየት ውላ አድራ ንድፈ ሐሳብ ሆነች። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የልጁ ዝምታ ከእናቲቱ ቅዝቃዜ የመጣ ነው የሚለው በየክሊኒኩ እንደ እውነት ይነገር ጀመር። እናቶቹም «የማቀዝቀዣ እናቶች» ተባሉ። የዚህ ሐሳብ ዋና ሰባኪ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ልጆቹን እሱ ራሱ ታስሮ ካየው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጋር አነጻጸራቸው። ልጁ እስረኛ ከሆነ ጠባቂው ማን እንደሆነ አንባቢ አልጠፋውም።

ይህን ክስ ያፈረሱት ወላጆችና ጥቂት ልበ ሙሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በርናርድ ሪምላንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሥነ ልቦና ባለሙያና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ በ1964 ነገሩ ከአንጎል አሠራር እንጂ ከእናት ጡት አለመሆኑን ጻፈ። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር ብሪታንያ ውስጥ 21 ጥንድ መንታዎችን አጥንተው የዘር ውርስ ድርሻውን አሳዩ። ካነርም ቢሆን በ1969 በወላጆች ስብሰባ ፊት ቆሞ «ነፃ ናችሁ» አላቸው። (ዛሬ ደግሞ «ሞባይሉ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ነው» የሚሉ አሉ። የካነር 11 ልጆች የትኛውን ሞባይል ነክተው እንደነበር ቢነግሩን ጥሩ ነበር።)

ክሱ ተሰረዘ ማለት ነው? ግማሹ ብቻ። እናቲቱ ነፃ ወጣች፤ ልጁ ግን እስካሁን ተከሳሽ ነው። ቅዝቃዜው ከእሷ ላይ ተነሥቶ እሱ ላይ ተጫነ። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እሱ ነው ፍቅር የማያውቀው» ይሏታል፤ ደግ የዋሉላት እየመሰላቸው።

ይህ ፍርድ ሲሰጥ በዓይኔ ያየሁት ዲቾቶ ውስጥ ነው። ዲቾቶ ከሰመራ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሰርዶ ወዲያ፣ ጋላፊ ሳይደረስ ያለች የአፋር ከተማ ናት። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ከተዘጋ ወዲህ የአገሪቱ ጭነት ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ስለዞረ ተሳቢ መኪና ሌት ተቀን አይቋረጥባትም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል። መንገድ ዳር ያለው ሰው ኑሮው ከሾፌርና ከረዳት ጋር ነው፤ ሻይ ማፍላት፣ ቀዝቃዛ ውሃ መሸጥ፣ ጎማ መጠገን፣ አልጋ ማከራየት። ጥሩምባው፣ የናፍጣው ሽታ፣ ንዳዱ፣ በየሰዓቱ የሚለዋወጠው እንግዳ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ድምፅና ብርሃን ከልክ በላይ ለሚሰማው ልጅ ሥቃይ ናቸው። ከደጅ አሥር እርምጃ ከወጣ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ነው።

እዚያ በአንድ የሸራ ዳስ ሥር ሻይ የምታፈላ የወሎ ሴት ልጇን ከጎኗ አድርጋ ስትሠራ አየሁ። ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ አፉን አልፈታም። ከፔርሙሶቹ ጀርባ ጀሪካን ተደግፎ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን መሬት ላይ ያሽከረክራል። እናቱ በረዶ ልታመጣ አስፋልቱን ተሻገረች። ልጁ ቀና ብሎ አላየም። አጠገቤ የተቀመጠው ሾፌር፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው፣ «ይኸው፣ መሄዷንም አላወቀ። አላህ ይርዳት እንጂ» አለኝና ወደ ሻዩ ዞረ። ቀጥሎ የሆነውን ለማየት ትንሽ መታገሥ ይጠይቅ ነበር። ሳህኑ ቆመ። ልጁ ተነሣና እናቱ ተቀምጣባት ወደነበረችው በርጩማ ሄደ። ሌሎች ሁለት ባዶ በርጩማዎች ነበሩ፤ አልፏቸው ነው የሄደው። እዚያ ጥላው የሄደችውን ሻሽ አንሥቶ አፍንጫው ላይ አደረገ፤ እንዳደረገም ቆየ። ስትመለስ አልሮጠላትም፣ አልሳቀላትም፣ ፊቷንም አላየም። ሻሹን ለቀቀ፣ ወደ ጀሪካኑ ተመለሰ፣ ሳህኑም መሽከርከሩን ቀጠለ።

«እትዬ፣ ሁሌ እንዲህ ነው የሚያደርገው?» አልኳት።

«ምኑን?» አለችኝ።

አላየችውም። እንዴትስ ታየዋለች? የልጇ ናፍቆት የሚታየው እሷ በሌለችበት ሰዓት ብቻ ነው። ስትመጣ ያልቃል፤ መምጣቷ ነዋ ያስቆመው። ሌላው ልጅ ናፍቆቱን አከማችቶ በሩ ላይ ይጠብቃታል፤ ስትገባ አንገቷ ላይ ይጠመጠማል፤ እሷም «ይወድሻል» ትባላለች፣ «ያውቅሻል» ትባላለች። የዚህችኛዋ ልጅ ምስክርነቱን የሚሰጠው ባለጉዳይዋ በሌለችበት ችሎት ነው።

የሥነ ልቦና ሰዎችም ይህን ያወቁት ከመስተዋት ጀርባ ተደብቀው ነው። ሜሪ አይንስወርዝ በ1950ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ ገብታ እናቶችና ጨቅላ ልጆቻቸው እንዴት እንደሚተሳሰሩ በየቤቱ ተቀምጣ አየች። በኋላም ያንኑ ባልቲሞር ወሰደችው፤ እዚያው ካነር በነበረበት በጆንስ ሆፕኪንስ። አንድ ክፍል፣ ጥቂት መጫወቻ፣ እናትና ልጅ። አንዲት የማያውቃት ሴት ትገባለች፣ እናት ትወጣለች፣ እናት ትመለሳለች። ተመልካቹ ልጁ ስትወጣ ምን እንደሆነ፣ ስትመለስ ምን እንዳደረገ ይመዘግባል። ማሪያን ሲግማንና ጁዲ አንገረር በ1984 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በዚሁ ዘዴ አዩ። ልጆቹ እናታቸውንና እንግዳዋን እኩል አላዩም፤ እናት ስትመለስ ወደ እሷ ይጠጉ ነበር። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ተደጋገመ። በ2004 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 16 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በዚሁ ዘዴ ከታዩት ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች በአማካይ 53 በመቶው ከእናታቸው ጋር ያላቸው ትስስር የተረጋጋና አስተማማኝ ከሚባለው ምድብ የገባ ሆኖ አገኙት።

እዚህ ላይ ተከራካሪዬ ቀልጠፍ ብሎ «ቀሪው 47 በመቶስ?» ይለኛል። ይበል። ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆችስ ሁሉም እዚያ ምድብ ውስጥ የሚገቡ መስሎት ነው? በነሱም ቢሆን ከ65 በመቶ ብዙም አይርቅም። ልዩነት አለ፤ አልክድም። ግን የአእምሮ እድገታቸው ከፍ ባለ ልጆች ዘንድ ያው ልዩነትም ጠፍቷል። በተጨማሪ «ያልተረጋጋ» ትስስር ትስስር ነው። የሚጨነቅላት እናት የሌለችው ልጅ ስለ እናቱ አይጨነቅም። «አያውቅም» የሚለው ቃል በ53ቱም ሆነ በ47ቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

በዚያው ዳስ ሥር ሌላም ነገር ነበር። ልጁ ስኳር ሲፈልግ የእናቱን እጅ አንጓዋ ላይ ይዞ ወደ ስኳሩ ጣሳ ይወስደዋል። ፊቷን አያይም፤ እጇን ብቻ ነው የሚወስደው። ይህ በሐኪም መጻሕፍት ውስጥ እንደ ምልክት የተመዘገበ ነገር ነው፤ «የሰውን እጅ እንደ መሣሪያ ይጠቀማል» ተብሎ። ብዙ ባለሙያም ለእናት ሲያስረዳ «አየሽ፣ አንቺን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ ነው የሚያይሽ» ይላታል። ልጠይቅ፤ ዳሱ ሥር የሾፌሩ እጅ ነበረ፣ የረዳቱ እጅ ነበረ፣ ለስኳሩ የሚቀርበውም የእኔ እጅ ነበር። ለምን የእሷን? ዕቃማ ቢሆን የቀረበውን ያነሣል። የእሷን እጅ የሚያነሣው የፈለገውን እንደምትረዳለት፣ ስትቆጣውም እንደማትመታው ስለሚያውቅ ነው። ይህን እምነት «ዕቃ» ማለት ለእኔ የባለሙያ ቋንቋ የለበሰ ድንቁርና ነው።

መታቀፍ አለመፈለጉስ? ቴምፕል ግራንዲን በ1947 ተወልዳ ዛሬ በእንስሳት ሳይንስ የታወቀች አሜሪካዊት ናት፤ ኦቲዝም አለባት። በልጅነቷ ሰው ሲያቅፋት ሰውነቷ ይሸሽ ነበር፤ መታቀፍን ግን ትመኝ ነበር። እቅፉ እንደ ማዕበል ይወርድባት ስለነበር ነው የምትሸሸው። በአክስቷ እርሻ ላይ ከብት ሲከተብ በሁለት ጎን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውን ማቀፊያ አየችና ለራሷ ተመሳሳይ ማሽን ሠራች፤ ገብታ ራሷ መጠኑን እያስተካከለች ትጨመቅበት ነበር። ለአፋር አርብቶ አደር ይህ ታሪክ ከእኛ ከከተሜዎቹ ይልቅ ይገባዋል። እናቷ ዩስቴሺያ ከትለር «ተቋም አስገቢያት» ስትባል እምቢ ያለች ሴት ናት። «አታውቅሽም» የሚለውን ተቀብላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናነሣው ስም አይኖርም ነበር።

ፍርዱ ውሸት ከመሆኑ ይልቅ የሚያናድደኝ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። «አያውቅም» የተባለ ልጅ ጓዳ ውስጥ ቢዘጋበት ማን ይቆጨዋል? በአዲስ አበባ ሁለት ሆስፒታሎች የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆቻቸውን ያሳክሙ ከነበሩ 102 ተንከባካቢዎች ጋር የተደረገ በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከሩብ በላዩም ለመደበቅ እንደሚጥሩ አሳይቷል። እነዚህ ሆስፒታል የደረሱት ናቸው። ከዋና ከተማው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ አስፋልት ዳር ሻይ የምታፈላ እናት ልጇ ከመኪና ሥር እንዳይገባ እግሩን በገመድ ብታስር አልፈርድባትም፤ ገመዱን «እሱ እንደሆነ አይገባውም» እያለ የሚያቀብላት ሰው ላይ ግን እፈርዳለሁ።

ሌላም አለ። የዲቾቶ መንገድ ጭነት ብቻ አይደለም የሚያልፍበት፤ ወደ ጅቡቲና ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ወጣትም ያልፍበታል። ድህነት ያንገበገባት እናት ለመሄድ ስትነሣ «እሱስ አያውቅም፣ አይናፍቅሽም» ብለው ያጽናኗታል። ከሄደች በኋላ ልጁ እንቅልፍ ያጣል፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል፣ ምግብ ይተፋል። ቤተሰቡም «በሽታው ባሰበት» ይላል። ሌላ ልጅ ቢሆን ኖሮ «እናቱ ናፈቀችው» ነበር የሚባለው። አንዱን ሐዘን ለአንዱ ልጅ ናፍቆት፣ ለሌላው ሕመም ብሎ መሰየም ምን የሚሉት ፍትሕ ነው? ይህ ስያሜ መድኃኒት ማዘዝንም ያስከትላል፤ ልጁ የሚያስፈልገው የእናቱን ድምፅ በስልክ መስማት ሆኖ ሳለ።

በየማዕከሉ ተለምዶ የነበረውን፣ አንዳንድ ቦታም ያልቀረውን አገጭ ይዞ «እየኝ! እየኝ!» ማለትንም ከዚሁ እቆጥረዋለሁ። ዓይን ለዓይን መገጣጠም ለብዙዎቹ እንደሚያስጨንቃቸው ካደጉ በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ልጁ በሌላ መንገድ ሲያናግረን የኖረውን ረግጠን የእኛን መንገድ በግድ እናስይዘዋለን፤ ሲያለቅስም «ግንኙነት አይወድም» ብለን እንጽፋለን።

አንድ የማልሸሸው ነገር አለ፤ የወላጆች ቁስል። «እማ» የምትለዋን ቃል ዓመታት የጠበቀች እናት ስለ ሻሽና ስለ ስኳር ጣሳ ብነግራት «ይህ ይበቃኛል?» ብትለኝ መብቷ ነው። ላይበቃት ይችላል። እኔም ኦቲዝም ጸጋ ነው እያልኩ ለመስበክ አልመጣሁም፤ ሌሊት የማይተኛ ልጅ፣ ትምህርት ቤት የማይቀበለው ልጅ፣ የሚሸሽ ባል፣ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በድካሟ ላይ «የምትደክሚለት አያውቅሽም» ብሎ መጨመር ሌላ ነገር ነው። ዴቪድ ኦፐንሃይምና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው 45 ትንንሽ ወንዶች ልጆችን ከነእናቶቻቸው አይተው፣ ነገሩን በልጁ ዓይን ለማየት የሚጥሩ እናቶች ልጆች ይበልጥ የተረጋጋ ትስስር እንዳላቸው አገኙ። ይህ ካነርን ከመቃብር ማስነሣት አይደለም፤ ኦቲዝሙን እናት አላመጣችውም፣ አታጠፋውምም። ግን አስቡት፤ ልጇ እንደማያውቃት የተነገራት ሴት ምን ብላ ነው በልጁ ዓይን ለማየት የምትጥረው?

አፋር ውስጥ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብለው ሳይጨርሱ አይለያዩም። ንግግር እንዲህ በተከበረበት አገር የማይናገር ልጅ ሸክሙ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን ዳጉ ጥብቅ ሥርዓት አለው፤ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው መለየት አለበት፣ የሐሰት ወሬ ያቀበለ ሰው ክብሩን ያጣል። «እናቱን አያውቅም» የሚለው ወሬ በዚህ ሚዛን ቢመዘን አንድ ቀን አያድርም ነበር። ማን አየ? ሾፌሩ አላየም፤ እናቲቱም አላየችም።

በአገራችን ይህን ፍርድ በተግባር የተቃወሙ አሉ። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጇን ይዛ በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት «ምን ይሠራላቸዋል?» ያላት ሰው ብዙ ነበር። አቡጊዳ ፎኔቲክስ ያለችውን የማስተማሪያ ዘዴ የቀየሰችው አይናገሩም ከተባሉ ልጆች ጋር እየሠራች ነው። በ2021 እስክታርፍ ድረስ አደባባይ ወጥታ «ልጄ ነው» አለች እንጂ ልጇን አልደበቀችም። ከእሷም በኋላ ነህምያን የመሰሉ ማዕከሎች በወላጆች ትግል ተከፍተዋል። እነዚህ ግን አዲስ አበባ ናቸው፤ ለዲቾቶዋ እናት አዲስ አበባ ከጅቡቲ ይልቅ ሩቅ ነው።

ስለዚህ ቃሌን የማቀርበው ለአዲስ አበባ አይደለም፤ በሰመራ፣ በዱብቲ፣ በሎግያና በዲቾቶ ለምትሠሩ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። ስለ ልጆች የእድገት ችግር ለእናንተ የሚሆን ሥልጠና በዚህ አገር ተዘጋጅቶ ተሞክሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም እንዲሁ። የወላጆቹ ሥልጠና የሚጀምረው ልጁ የያዘውን ነገር አብሮ በመያዝ፣ እሱ በጀመረው ጨዋታ በመግባት ነው። ወደ ቀበሌያችሁ እስኪደርስ ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አድርጉ። ካርዱ ላይ «ከእናቱ ጋር ግንኙነት የለውም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እናቲቱን ለአምስት ደቂቃ ከክፍሉ አስወጧት፤ ነጠላዋን ወይም ሻሿን ወንበሩ ላይ ትታ ትውጣ። እናንተ ልጁን አትጥሩት፣ አገጩን አትያዙት፤ ተቀመጡና እዩ። ስትመለስ ያያችሁትን ንገሯት።